የምሳ ሰዓት የማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ1874 እንግሊዛዊው ሠዓሊ ኤር ክሮው በለንደን የሮያል አካዳሚ ዐውደ ርእይ ላይ አንድ ሥዕል አቀረበ። የሥዕሉ ርእስ «የምሳ ሰዓት፣ ዊጋን» የሚል ሲሆን፣ የሚያሳየውም በሰሜን እንግሊዝ በምትገኘው የኢንዱስትሪ ከተማ በዊጋን የሚሠሩ የጥጥ ፈትል ፋብሪካ ሴት ሠራተኞችን ነው። ሴቶቹ ፀጉራቸውን በመረብ እንደ ሸፈኑ ከፋብሪካው ወጥተው በአደባባይ ይታያሉ፤ አንዳንዶቹ ተቀምጠዋል፣ አንዳንዶቹ ቆመው ይነጋገራሉ። ከበስተኋላቸው ፋብሪካው ከነግዙፍነቱ ተደቅኗል። በጊዜው ከነበሩት ሐያስያን አንዳንዶቹ እንዲህ ያለው ርእስ ለሥነ ጥበብ የሚመጥን አይደለም ሲሉ ሠዓሊውን ነቅፈውታል።

ነቃፊዎቹ ያላስተዋሉት ነገር ቢኖር፣ በሸራው ላይ የሰፈረችው ያቺ አንዲት ሰዓት የራሷ ታሪክ ያላት መሆኑን ነው። ሴቶቹ ከመኪናው ተለይተው ፀሐይ እንዲሞቁ የተፈቀደላቸው በባለ ፋብሪካው ቸርነት አልነበረም። ከሰባ ዓመት በላይ የፈጀ ክርክር፣ አቤቱታ፣ ምርመራና ሕግ ያስገኘው ውጤት ነበር። የዚህን ታሪክ ጉዞ መመርመር በዛሬው የኅብረት ስምምነት ውስጥ «የዕረፍት ጊዜ» ተብሎ በአንድ መስመር የሚታለፈው ቃል ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት ይጠቅማል።

ጥማድ የሚፈታበት ሰዓት

ሰው ሥራውን አቋርጦ መብላትና ማረፍ የጀመረው ፋብሪካ ከመፈጠሩ ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት መሆኑ የታወቀ ነው። የፍላንደርሱ ሠዓሊ ፒተር ብሩጌል እ.ኤ.አ. በ1565 በሣለው «አጫጆቹ» በተሰኘው ሥዕል ላይ፣ ከፊሎቹ ገበሬዎች እህሉን ሲያጭዱ ከፊሎቹ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው ሲበሉ፣ አንደኛው ደግሞ በጀርባው ተዘርግቶ እንቅልፍ ወስዶት ይታያል። በኢትዮጵያ ገጠርም በደቦ ሥራ ጊዜ ምግቡንና ጠላውን የሚያቀርበው ደቦውን የጠራው ባለ እርሻ ነው። ፀሐይ ስትበረታ ጥማዱ ይፈታል፤ በሬው ሲያርፍ አራሹም አብሮ ያርፋል።

ይህ ሲባል የቀድሞው ገበሬ ኑሮ የተመቸ ነበር ማለት አይደለም። የምርቱ ባለቤት ሌላ በሆነበት ሥርዓት ዕረፍቱም በጌታው ፊት የተጠበቀ አልነበረም። ነገር ግን የሥራውን ፍጥነት የሚወስኑት የፀሐይ ሙቀት፣ የበሬው ድካምና የወቅቱ ጠባይ ስለ ነበሩ፣ በሥራና በዕረፍት መካከል ያለው ድንበር ለሠራተኛውም ለአሠሪውም በዓይን የሚታይ ነበር። የእንፋሎት መኪና ግን አይደክምም፤ አይርበውም፤ ፀሐይ አይመታውም። መኪናው በቆመ ቁጥር በእርሱ ላይ የፈሰሰው ገንዘብ ያለ ሥራ እንደ ተቀመጠ ይቈጠራል። ስለዚህ ፋብሪካ በተስፋፋበት አገር ሁሉ ከመጀመሪያዎቹ ግጭቶች አንዱ በምግብ ሰዓት ላይ የተነሣው ግጭት መሆኑ የሚያስደንቅ አይደለም።

የተነጠቁ ደቂቃዎች

በእንግሊዝ አገር የፋብሪካ ሥራን ለመገደብ የመጀመሪያው ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1802 ነበር። ሕጉ የተመለከተው በጥጥና በሱፍ ፋብሪካዎች በተለማማጅነት የተቀጠሩ ሕፃናትን ሲሆን፣ የቀን ሥራቸው የምግብ ጊዜ ሳይጨመር ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1819 የወጣው ሁለተኛው ሕግ አንድ ርምጃ ወደ ፊት በመሄድ ለቁርስ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ለምሳ ደግሞ ቢያንስ አንድ ሙሉ ሰዓት እንዲሰጥ አዘዘ። ይሁን እንጂ ሁለቱም ሕጎች የሚያስፈጽማቸው ደመወዝተኛ ተቆጣጣሪ ስላልነበራቸው በአብዛኛው ከወረቀት አልወረዱም።

በተግባር ይፈጸም የነበረው ምን እንደ ነበር እ.ኤ.አ. በ1832 ገሃድ ወጣ። በሕግ መምሪያ ምክር ቤቱ አባል በማይክል ሳድለር ሰብሳቢነት የሠራው መርማሪ ኮሚቴ የብዙ ሠራተኞችን ቃል ተቀበለ። ከእነርሱ መካከል በሊድስ ከተማ በተልባ እግር ፈትል ፋብሪካ በ6 ዓመቷ ሥራ የጀመረችው ኤልሳቤጥ ቤንትሊ አንዷ ነበረች። ሥራ በሚበዛበት ወቅት ከንጋት 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ትሠራ እንደ ነበረ፣ በእኩለ ቀን 40 ደቂቃ ብቻ ይሰጣት እንደ ነበር፣ ለቁርስ ግን የተለየ ጊዜ ስላልነበረ እንደ ምንም እየሠረቁ ይበሉ እንደ ነበር ለኮሚቴው አስረዳች። ሳይበላ የቀረውን ምግብ ካቦው ወስዶ ለአሳማ ይሰጠው እንደ ነበርም መሰከረች።

ከምርመራው በኋላ እ.ኤ.አ. በ1833 የወጣው የፋብሪካ ሕግ ለሕፃናትና ለወጣት ሠራተኞች በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ለምግብ እንዲለይ አዘዘ። ከሁሉ በላይ ደግሞ አራት የመንግሥት ተቆጣጣሪዎችን ሾመ። እነዚህ ተቆጣጣሪዎች ከፋብሪካ ፋብሪካ እየዞሩ ባደረጉት ምርመራ አንድ ነገር ተረዱ፤ ይኸውም «አንድ ሰዓት ተኩል» ብሎ መጻፍ ብቻውን ምንም እንደማይጠቅም ነው። ባለ ፋብሪካዎቹ የምግቡን ጊዜ ለአንዱ ልጅ በጧት፣ ለሌላው በእኩለ ቀን፣ ለሦስተኛው በማታ እየበታተኑ ይሰጡ ስለ ነበር፣ ማን እንደ በላና ማን እንዳልበላ ለማወቅ አይቻልም ነበር። አንዳንዱም ሠራተኛው ምግቡን በእጁ ይዞ በመኪናው አጠገብ እንዲቆም ያደርግ ነበር። የፋብሪካው ሰዓት ራሱ በባለቤቱ እጅ ስለ ነበረ ደቂቃ የሚቈጥረውም እርሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1844 የወጣው ሕግ የእነዚህን ዓመታት ልምድ የያዘ ነበር። በመጀመሪያ፣ የሥራ ጊዜ የሚለካው ለሕዝብ በሚታይ ሰዓት፣ ለምሳሌ በአቅራቢያው ባለ የባቡር ጣቢያ ሰዓት እንዲሆን ተወሰነ። ሁለተኛ፣ የሥራው መጀመሪያና ማብቂያ፣ እንዲሁም የምግቡ ጊዜ በግልጽ ተጽፎ በፋብሪካው ግድግዳ ላይ እንዲለጠፍ ታዘዘ። ሦስተኛ፣ ሕጉ የሚጠብቃቸው ሠራተኞች ሁሉ በአንድ ጊዜ እንዲመገቡ ተደረገ። አራተኛ፣ በምግብ ሰዓት ሥራ በሚካሄድበት ክፍል ውስጥ ማንም ከእነርሱ እንዳይቈይ ተከለከለ። ሕጉ ጥበቃውን ለሴት ሠራተኞችም አዳረሰ። እነዚህ አራት ነጥቦች ሲታዩ ጥቃቅን ይመስላሉ፤ ነገር ግን እያንዳንዳቸው አንድን የማታለያ በር የዘጉ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1850 የወጣው ሕግ ደግሞ የሥራውን ቀን ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት፣ ወይም ከ1 እስከ 1 ሰዓት አደረገው። ከዚህ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ለምግብ ሲቀነስ የቀኑ ሥራ 10 ሰዓት ተኩል ይሆናል። ቅዳሜ ሥራው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ያበቃል። ክርክሩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1850ዎቹ ዓመታት የፋብሪካ ተቆጣጣሪዎች ያቀረቡት ዘገባ የሚከተለውን ስሌት ይዟል። ሕግ የሚጥስ ባለ ፋብሪካ ጧት 15 ደቂቃ አስቀድሞ ያስጀምራል፤ ማታ 15 ደቂቃ ያሳልፋል። ከቁርስ ግማሽ ሰዓት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ 5፣ 5 ደቂቃ፣ ከምሳ ሰዓት መጀመሪያና መጨረሻ ላይ 10፣ 10 ደቂቃ ይሸርፋል። ይህ በቀን 60 ደቂቃ፣ በአምስት ቀን 300 ደቂቃ ነው። ቅዳሜ በተመሳሳይ መንገድ የሚወሰደው 40 ደቂቃ ሲጨመር በሳምንት 5 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ይሆናል። በዓመት በ50 የሥራ ሳምንት ሲባዛ 27 የሥራ ቀን ገደማ ማለት ነው። ሠራተኛው ደቂቃ ተነጠቀብኝ ቢል የሚሰማው አልነበረም፤ ባለ ፋብሪካው ግን በዓመት አንድ ወር ያህል ያለ ክፍያ ያሠራው ነበር።

ካርል ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1867 ባሳተመው «ካፒታል» ውስጥ ስለ ሥራ ቀን በጻፈው ሰፊ ምዕራፍ እነዚህን የተቆጣጣሪዎች ዘገባዎች በምንጭነት ተጠቅሞባቸዋል። ለትርፍ ሥራ ብዝበዛ ካቀረባቸው ማስረጃዎች መካከል ብዙዎቹ የመንግሥት ባለሥልጣናት ራሳቸው በእጃቸው የጻፏቸው ቁጥሮች ነበሩ። የክሮው ሴት ሠራተኞች በዊጋን አደባባይ የታዩት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ዕረፍት ለማን ጥቅም?

በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። እስከዚያ ድረስ አሠሪው ዕረፍትን እንደ ኪሳራ ሲቈጥረው ነበር። አሜሪካዊው መሐንዲስ ፍሬደሪክ ቴይለር ግን ዕረፍት ራሱ ምርት ሊጨምር እንደሚችል አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1899 በቤትልሄም የብረታ ብረት ኩባንያ እያንዳንዱ 42 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ጥሬ ብረት ተሸክመው በባቡር ፉርጎ ላይ የሚጭኑ ሠራተኞችን ተመለከተ። ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1911 ባሳተመው መጽሐፉ እንደ ተረከው፣ አንድ ሠራተኛ መቼ ብረቱን እንደሚያነሣ፣ መቼ እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚያርፍ በትእዛዝ እየተነገረው በቀን የሚጭነው ከ12 ቶን ተኩል ወደ 47 ቶን ተኩል ከፍ አለ። የቀን ደመወዙ ግን ያደገው ከ1.15 ዶላር ወደ 1.85 ዶላር ብቻ ነበር። የኋለኞቹ ዘመን ተመራማሪዎች ቴይለር ታሪኩን አሳምሮና አጋንኖ ያቀረበው መሆኑን አሳይተዋል። ያም ሆነ ይህ በራሱ ትረካ እንኳ ምርቱ አራት እጥፍ ለመሆን ሲቃረብ ደመወዙ በስድሳ በመቶ ገደማ ብቻ መጨመሩ ከዕረፍቱ የሚገኘው ጥቅም ወዴት እንደ ሄደ ይጠቁማል። እንዲህ ያለው ዕረፍት ለሰው ሳይሆን ለሥራው የተሰጠ ነበር።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በብሪታንያ ተመሳሳይ ነገር ታየ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1915 የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞችን ጤና የሚያጠና ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው የሥራ ሰዓት ከመጠን በላይ መራዘሙ ምርትን እንደሚጎዳ፣ በሥራ መካከል አጭር ዕረፍትና ትኩስ ምግብ መስጠት ግን እንደሚጠቅም ስላመለከተ፣ በብዙ ፋብሪካዎች የሠራተኛ መመገቢያ ክበቦች ተከፈቱ። ለጦርነት ምርት ተብሎ የተጀመረው ነገር በሰላም ጊዜ የሠራተኛ ማኅበራት ጥያቄ ሆኖ ቀጠለ።

ይህን አስተሳሰብ እስከ መጨረሻው ጫፍ ወስዶ ያጋለጠው ደግሞ የፊልም ጥበብ ነው። ቻርሊ ቻፕሊን እ.ኤ.አ. በ1936 ባቀረበው «ዘመናዊ ጊዜያት» በተሰኘው ፊልም ውስጥ፣ ሻጮች ለፋብሪካው አለቃ አንድ አዲስ መኪና ያመጡለታል። መኪናው ሠራተኛውን ሥራው ላይ እንዳለ የሚያጎርስና የምሳ ሰዓትን ጨርሶ የሚያስቀር ነው። የመኪናውን ጥቅም የሚያስረዳው ሰው አይደለም፤ በሸክላ የተቀረጸ ድምፅ ነው። ቻፕሊን ታስሮ ይሞከርበታል። መኪናው ተበላሽቶ በቆሎውን በጥርሱ ላይ ያሽከረክራል፤ ሾርባውን ይደፋበታል፤ የብረት ብሎን ያጎርሰዋል። ተመልካች ይሥቃል። ነገር ግን አለቃው በመጨረሻ መኪናውን የሚመልሰው ለሠራተኛው አዝኖ አይደለም፤ ለሥራ አያመችም ብሎ ነው። የትዕይንቱ ምሬት ያለው እዚህ ላይ ነው። መኪናው በደንብ ቢሠራ ኖሮ ይገዛው ነበር።

ከዚህ አራት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1932፣ በኒው ዮርክ ከተማ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍም በዓለም ታውቋል። 11 የግንባታ ሠራተኞች በሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ላይ፣ በአንድ የብረት ምሰሶ ላይ ተደርድረው ምሳቸውን ይበላሉ። ከእግራቸው በታች ከተማው ተዘርግቷል። ፎቶግራፉ ለሕንፃው ማስታወቂያ ታስቦ የተዘጋጀ ነበር። ሰዎቹ ግን በእርግጥ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከፍታውም እውነተኛ ነበር። የምሳ ሰዓት በዚያ ዘመን የነፃነት ምልክት ተደርጎ እስከ መታየት መድረሱን፣ ንግድም ይህንኑ ምልክት ለራሱ ጥቅም ማዋሉን ፎቶግራፉ አብሮ ይመሰክራል።

ከሕግ ወደ ስምምነት

እ.ኤ.አ. በ1919 የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የሥራ ድርጅት በመጀመሪያው ስምምነቱ በኢንዱስትሪ የሚሠራ ሠራተኛ የሥራ ጊዜ በቀን 8 ሰዓት፣ በሳምንት 48 ሰዓት እንዲሆን ወሰነ። በዚያው ዓመት የወጣው የወሊድ ጥበቃ ስምምነት ደግሞ ለምታጠባ እናት በሥራ ጊዜዋ ውስጥ በቀን ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንዲሰጣት ደነገገ። እ.ኤ.አ. በ1930 በንግድና በቢሮ ሠራተኞች ላይ የተደረሰው ስምምነት ግን ለዕረፍት ጉዳይ ዋና መለኪያ የሚሆን ሐሳብ ይዞ መጣ። በዚህ ስምምነት መሠረት የሥራ ሰዓት ማለት ሠራተኛው በአሠሪው ትእዛዝ ሥር የሚገኝበት ጊዜ ሲሆን፣ ከዚህ ትእዛዝ ነፃ የሆነበት የዕረፍት ጊዜ ግን አይቈጠርም።

ይህ ትርጓሜ ሁለት በኩል የተሳለ ነው። በአንድ በኩል አሠሪው ለምሳ ሰዓት እንዳይከፍል ይፈቅድለታል። በሌላ በኩል ግን ያልተከፈለበት ሰዓት በእርግጥ ነፃ እንዲሆን ያስገድዳል። ስልክ ሲጠብቅ፣ በር ሲጠብቅ፣ መኪና ሲከታተል ምሳውን የሚበላ ሰው ከአሠሪው ትእዛዝ አልወጣም፤ ስለዚህ እየሠራ ነው። በዩናይትድ ስቴትስ የፌዴራሉ ሕግ በጠቅላላው አሠሪውን የምሳ ዕረፍት እንዲሰጥ አያስገድደውም። ነገር ግን አሠሪው ከ5 እስከ 20 ደቂቃ የሚደርስ አጭር ዕረፍት ከሰጠ እንደ ሥራ ጊዜ ይቈጠራል፤ የምሳ ጊዜ ሳይከፈልበት የሚቀረውም ሠራተኛው ከሥራው ፈጽሞ ነፃ ከሆነ ብቻ ነው። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1993 ባወጣውና በ2003 ባደሰው መመሪያ የቀኑ ሥራ ከ6 ሰዓት ሲበልጥ ዕረፍት እንዲኖር ካዘዘ በኋላ፣ የዕረፍቱን ርዝመትና አሰጣጥ በሠራተኞችና በአሠሪዎች መካከል የሚደረግ ስምምነት፣ ይህ ከሌለም የየአገሩ ሕግ እንዲወስነው ትቷል። ሕግ ወሰን ያበጃል፤ ዝርዝሩን የሚሞላው ግን ስምምነት ነው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ታውቆ ከአሠሪው ጋር የመደራደር ዕድል ያገኘው በ1950ዎቹ ዓመታት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ድንጋጌ በ1954 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ወጣ፤ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር በ1955 ዓ.ም. ተመሠረተ። ከአብዮቱ በኋላ በ1968 ዓ.ም. የሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 64 ታወጀ። ከዚያም በ1985፣ በ1996 እና በ2011 ዓ.ም. ተከታታይ አዋጆች ወጥተዋል። በእነዚህ አዋጆች መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ለሠራተኛውም በሳምንት ከ24 ሰዓት ያላነሰ ያልተቋረጠ ዕረፍት እንዲሰጠው ተደንግጓል። የሥራ ሰዓትም ሠራተኛው ሥራውን የሚያከናውንበት ብቻ ሳይሆን ለሥራ ዝግጁ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ጭምር እንዲሆን ተደርጓል።

የቀኑን የዕረፍትና የምሳ ጊዜ በተመለከተ ግን ሕጉ ሌላ መንገድ ይከተላል። በኅብረት ስምምነት ሊወሰኑ ከሚችሉት ጉዳዮች መካከል የሥራ ሰዓት ድልድልና በመካከሉ የሚሰጠውን የዕረፍት ጊዜ ይጠቅሳል። የኅብረት ስምምነቱ በተመሳሳይ ጉዳይ ከሕጉ ይልቅ ለሠራተኛው የሚጠቅም ሆኖ ሲገኝ ስምምነቱ እንዲጸናም ይፈቅዳል። በዚህም ምክንያት የምሳ ሰዓት ጉዳይ በእጅጉ የተመካው ማኅበሩና አሠሪው በሚቀመጡበት የድርድር ጠረጴዛ ላይ ነው። ማኅበር በሌለበት ድርጅት ይህ ጠረጴዛ ባዶ ነው።

የአንድ አገር የምሳ ሰዓት የሕዝቡን ባሕልና እምነት እንዴት ሊይዝ እንደሚችል የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ልማድ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል። ለረጅም ዓመታት ሲሠራበት በቈየው ሥርዓት ሥራ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ይጀምርና ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል ለምሳ ይቋረጣል። ዓርብ ዕለት ግን የዓርብ ጸሎት ስላለ የጧቱ ሥራ 5 ሰዓት ተኩል ላይ ያበቃና የቀትሩ ዕረፍት ሁለት ሰዓት ይሆናል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ የሳምንቱን ሥራ ከ39 ሰዓት እንዳይበልጥ ሲወስን ስሌቱ ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ አራት ቀን በ8 ሰዓት 32፣ ዓርብ 7፣ በድምሩ 39 ይሆናል። የጾም ወራት ሲመጡም ለብዙዎች ይህ ሰዓት የመብያ ሳይሆን የማረፊያ፣ የጸሎት፣ ወይም ከሥራ ባልደረባ ጋር የመጨዋወቻ ጊዜ ነው። ስለዚህ «የምሳ ሰዓት» ዋጋ በሚበላው ምግብ ብቻ አይመዘንም። ሠራተኛው በቀኑ መካከል የራሱ ሰው ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ነው።

በፋብሪካ፣ በግንባታና በሆቴል ሥራ ላይ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። መኪናው ሊቆም በማይችልበት ቦታ የሚሠራውን ሰው ማን ይተካዋል? ከመመገቢያ ክበቡ እስከ ሥራው ክፍል ያለው መንገድ ከዕረፍቱ ይቀነሳል ወይስ አይቀነስም? በፈረቃ የሚሠራው የሌሊት ሠራተኛ መቼና የት ይበላል? የምታጠባ እናትስ? በዕረፍቱ ጊዜ ከቅጥር ግቢ መውጣት ይፈቀዳል? የኅብረት ስምምነት የእነዚህን ጥያቄዎች መልስ በግልጽ ካልያዘ፣ መልሱን በየዕለቱ የሚሰጠው በሥራው ላይ የቆመው ካቦ ይሆናል። የ1844 የእንግሊዝ ሕግ አርቃቂዎች ከብዙ ውጣ ውረድ በኋላ የደረሱበት እውነትም ይኸው ነበር። መጀመሪያውና መጨረሻው በግድግዳ ላይ ያልተጻፈ ዕረፍት፣ በሁሉም ዓይን በሚታይ ሰዓት ያልተለካ ዕረፍት፣ ከሥራው ክፍል ያልወጣ ዕረፍት፣ ዕረፍት ተብሎ ቢጠራም ውሎ አድሮ በደቂቃ በደቂቃ ተሸርፎ ያልቃል።

የዊጋን ሴቶች በክሮው ሥዕል ላይ የተለየ ነገር ሲሠሩ አይታዩም። አይሰለፉም፤ አይጮኹም፤ መፈክር አላነሡም። ተቀምጠው ያወራሉ። ከበስተኋላቸው ያለው ፋብሪካ ለዚያች አንድ ሰዓት እየጠበቃቸው ነው። በዘመኑ የነበረው ሐያሲ በዚህ ውስጥ ለሥዕል የሚበቃ ነገር አላገኘም። ከእነርሱ በፊት ቁርሷን እንደ ምንም እየሠረቀች ትበላ የነበረችው የሊድሷ ልጅ ብታየው ኖሮ ግን ሥዕሉ ስለ ምን እንደ ተሣለ ወዲያው ይገባት ነበር።